ድንጋይህ የት ደረሰ?

ሮቤ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትህ እንዴት እንደሆነች እጠይቅሃለሁ። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ስለ ጤና፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ጎረቤት አዙሮ ይጠይቃል እንጂ እንዲህ አንዲት ጉልበት ለይቶ አይጠይቅም፤ አውቃለሁ። ግን እኔና አንተ አራት ዓመት ሙሉ በስልክ «ደህና ነህ?» «ደህና» ተባብለን ስልኩን ለእናትህ ስንመልስ የዘለልናት እሷን ነበር። ዛሬ አልዘልላትም። ብርድ ሲመጣ ታምሃለች? ጋራዡ ውስጥ ቁጢጥ ስትል ትታጠፋለች? ደረጃ ስትወርድስ?

እናትህ ደህና ናት። ግፊቷ ከፍ ብሎ ጎባ ሆስፒታል ተመላልሳ ነበር፤ አሁን መድኃኒቱ ተስማምቷታል፣ ከእኔ ጋር ለመጨቃጨቅ የሚበቃ ጤና አላት። ዝናቡ በሰዓቱ ገብቶ ስንዴው ለምልሟል። ጣሪያችን በኩሽናው በኩል ማፍሰሱን አልተወም። እኔም ደህና ነኝ፤ ስድስት ኪሎ ቀንሻለሁ፣ ምክንያቱን እነግርሃለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የኳስ ቡድናችን አምበል ዳቢሴ ነው። ለመምህራን ሥልጠና ወደ ሐዋሳ ሲያልፍ ሻሸመኔ ላይ ወርዶ እጅህ ላይ እንዲያስቀምጥልኝ ለምኜዋለሁ። ዳቢሴ ሁሉንም ያውቃል፣ ከእኔ አፍ ሰምቷል፤ ግን አንተ ይህን ሳታነብ ምንም እንዳይተነፍስ አስምዬዋለሁ። ስትጨርስ የፈለግኸውን ጠይቀው።

ቡድኑን ከእኔ መውሰዳቸውን ከእናትህ ሰምተሃል። አንደኛው ዙር ሲያልቅ የመጨረሻ ነበርን። ከአሥራ አንድ ጨዋታ ያሸነፍነው ሁለት፣ ሁለቱንም እዚሁ ሮቤ ላይ። አስተዳዳሪዎቹ ጠሩኝና ቡድኑ ዘንድሮ ከወረደ እንደሚፈርስ ነገሩኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የያዝኩት ቡድን ነው። እንደሚያነሱኝ ገምቼ ነበር፤ ያልገመትኩት በእኔ ቦታ የሚያስቀምጡትን ሰው ነው። ዙሀይራ የምትባል የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት፣ የዚሁ የባሌ ገሰራ ልጅ፣ ድሮ ሯጭ የነበረች፣ አሁን እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ስፖርት የምታስተምር። እኔን ረዳቷ አደረጉኝ። ቤት ገብቼ በቃኝ፣ ከእንግዲህ ሜዳ አልረግጥም ብዬ ስፎክር እናትህ ምን አለችኝ መሰለህ፤ «እሺ፣ ቤት ቁጭ ብለህ እኔን ልታሰለጥነኝ ነው?» በማግስቱ ጠዋት ሜዳ ነበርኩ።

ልጅቷ፣ ያኔ እንዲህ ነበር የምላት፣ የመጀመሪያ ቀን ስትመጣ ፊሽካ እንኳ አልያዘችም። ወንበር ስባልኝ፣ እኔን አስቀምጣ እሷ ቆማ፣ ቡድኑ ለምን እንደሚሸነፍ ጠየቀችኝ። ዘረዘርኩላት፤ ዳኛው፣ የቆላው ፀሐይ፣ የሰው አገር ሜዳ ጭቃ፣ የልጆቹ ታኬታ፣ የመኪናው መንገድ። እስክጨርስ ሰማችኝና ሮቤ ላይ ስታሸንፉስ የሚያሸንፍላችሁ ማን ነው አለች። እኛ ነን አልኳት።

«አየሩ ነው ጋሽ አምባዬ» አለች፣ በትሕትና። ትሕትናዋ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ዘዴያችንን ታስታውሳለህ። ከእረፍት በፊት ኳሱን እያንከባለልን እንግዶቹን እናስሮጣለን፣ ከእረፍት በኋላ በደጋው አየር ደረታቸው ሲዘጋና ወገባቸውን ይዘው ሲቆሙ እናገባለን። በልምምድ ላይ እንሩጥ ያለኝን ሁሉ የባሌ ልጅ ሳንባ ልምምድ አይፈልግም፣ ይዞት ተወልዷል እያልኩ እመልሰው ነበር። አንተንም እንዲህ ብዬ መልሼሃለሁ። ለብዙ ዓመት ሠርቶልናል፣ ምን ይደረግ። አሁን ግን እንግዶቹ ነቅተው ሦስት ቀን ቀድመው ጎባ ይገባሉ፣ አየሩን እየሮጡ ይለምዱታል። እኛ ቆላ ስንወርድ ደግሞ ስድሳኛው ደቂቃ ላይ እግራችን ይታሰራል። ይህን ሁሉ ዓመት ፀሐዩን ስረግም ኖርኩ። ሳንባችንን ተማምነን መስነፋችን አንዲት የገሰራ ልጅ መጥታ እስክትነግረኝ ድረስ አልታየኝም።

በሦስተኛው ቀን ሃያ ሁለቱንም ተጫዋቾች ወደ ጎባ በሚወስደው አስፋልት ላይ አሰለፈቻቸው። አሥራ ሁለት ደቂቃ ሩጡ አለች። እኔ ከኋላ በባጃጅ ተከትዬ፣ አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ሲሞላ ሾፌሩን ክላክስ አስነፋሁት። ሁሉም ባለበት ቆመ። ከዚያ እያንዳንዱ ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ አንስቶ፣ የማሊያውን ቁጥር በነጭ ቀለም ጽፎበት፣ የቆመበት ቦታ ላይ እንዲያኖረው አዘዘች። በየሁለት ሳምንቱ እንደገና ይሮጣሉ፤ ድንጋዩን አንስቶ ወደፊት ማሳለፍ የእያንዳንዱ የራሱ ጉዳይ ነው። ሌላ ስድብ የለ፣ ቁጣ የለ። ድንጋዩ እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጦ ለአላፊ አግዳሚው ይናገራል።

ክብሩን ታውቀዋለህ፣ በረኛችንን። በረኛ ምን ሩጫ ያስፈልገዋል ብሎ ሲንሸራሸር ድንጋዩ ነዳጅ ማደያው ፊት ለፊት ቀረ። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ደግሞ ጠዋትና ማታ የሚያልፈው በዚያ ነው። ክብሩ ሁለት ቀን ተሳቀቀና በሦስተኛው ቀን ድንጋዩን ብድግ አድርጎ ሦስት መቶ ሜትር ወደፊት ወሰደው። ዙሀይራ አይታለች። የሚቀጥለው ሩጫ ሲደርስ ብቻ ጠጋ ብላ፣ ያራቅኸው አንተ ነህና አሁን ድረስበት አለችው። ያን ቀን ክብሩ ሲሮጥ ብታይ ከሣቅ ብዛት ጉልበትህን ትረሳ ነበር። አልደረሰበትም። በወሩ ግን አልፎት ሄደ። አሁን ሮቤ ላይ ሰው ሲገናኝ ከጤና ይስጥልኝ ቀጥሎ «ድንጋይህ የት ደረሰ?» ሆኗል የሚባባለው፤ ኳስ የማያውቁት ነጋዴዎች ሳይቀሩ።

የእናትህን ጩኮም አልማረችውም። በጨዋታ ቀን ጠዋት ለኃይል ብላ በቅቤ ያሸችውን ገብስ ስታጎርሳችሁ የኖረችውን ማለቴ ነው። ዙሀይራ አይታ ይህ ሆዳቸው ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚጫወተው አለችኝና ራሷ ቤታችን መጣች። እናትህ ፊቷን አጨፍግጋ ነው የተቀበለቻት። ልጅቷ አንድ ሳህን ጩኮ በልታ፣ አመስግና፣ እንዲህ ያለ ነገር ለደከመ ሰው እንጂ ለሚሮጥ ሰው መባከን የለበትም፣ ከጨዋታ በኋላ እናድርገው ብላ አግባባቻት። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ጨዋታ ሲያልቅ ጩኮውን እንደ ዋንጫ ነው የሚጠብቁት። እናትህም አሁን ስለ እሷ ክፉ ስናገር ትቆጣኛለች።

ይበልጥ የከበደኝ ግን ሩጫውም ጩኮውም አልነበረም። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ሜዳው ላይ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። ሁሉም በየተራ ተነስቶ በዚያ ሰሞን ያጠፋውን አንድ ጥፋት ይናገራል፤ የራሱን። «እኔ» ብሎ መጀመር ግዴታ ነው። የሌላ ሰው ስም ማንሳት ክልክል፣ ዳኛ ክልክል፣ ሜዳና ፀሐይም ክልክል። በመጀመሪያው ቀን ክብሩ ተነስቶ አፉን ከፈተ፣ ትንሽ አሰበ፣ ታዲያ ምን ቀረ ብሎ ተቀመጠ። ሁሉም ሳቀ። ያን ጊዜ እሷ ራሷ ተነሳች። «እኔ ዳቢሴን በስድሳኛው ደቂቃ ማስወጣት ነበረብኝ። ደጋፊው ይጮህብኛል ብዬ ፈራሁ» አለች።

እኔ ደነገጥኩ። አሰልጣኝ ተጫዋቹ ፊት ፈራሁ ይላል? ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አልወጣም። ከነገ ጀምሮ አይታዘዙላትም፣ አለቀላት አልኩ በሆዴ። በማግስቱ ልጆቹ ከሰዓታቸው አሥር ደቂቃ ቀድመው መጥተው አገኘኋቸው። ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ መናገር ጀመሩ። አንዱ የምጠብቀውን ሰው ለቅቄ ወደ ደጋፊው እያየሁ ነበር ይላል፣ ሌላው ኳስ ልቀበል እየቻልኩ ተደበቅሁ ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ተደብቆ አታገኘውም። ልጅቷ ማለቱን ትቼ አሰልጣኝ ዙሀይራ ማለት የጀመርኩት ያን ሰሞን ነው። እኔ ግን ረዳት ነኝ፣ አልጫወትም፣ ምን ጥፋት አለኝ ብዬ ክቡ ውስጥ ሦስት ወር ተቀመጥኩ፤ አንድም ቀን አልተነሳሁም። አላስገደደችኝም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ተነሳን። በሁለተኛው ዙር ከአሥር ጨዋታ ስድስቱን አሸነፍን፣ ከስድስቱ ሦስቱ በሰው ሜዳ ናቸው። የመጨረሻው ጨዋታ ግንቦት 24 እሑድ፣ ከሳነቴ ማዶ ቆላ ባለችው በአንገቱ ከተማ ነበር። እንዳንወርድ አንድ ነጥብ ብቻ ቀረን። ከተሸነፍን ቡድኑ ፈረሰ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ብዕሩ እዚህ ላይ ሲደርስ ሁለት ቀን ቆሟል፤ እናትህ ምን ትጽፋለህ ይህን ያህል እያለች ስትመላለስ ነበር።

ለሜሳ የሚባል የቀኝ ክንፍ አለን፣ ሃያ ዓመቱ ነው፣ ያንተን ሰባት ቁጥር የሚለብሰው እሱ ነው። ዓርብ ጠዋት ልምምድ ላይ አንድ እግሩን ሲሰስት አየሁት። ወጌሻችን ኃይለየሱስ ጭኑን ዳሰሰና በድሮው ልማድ ወደ አሰልጣኟ ሳይሆን ወደ እኔ መጣ። ይህ ልጅ እሑድ እንዳይሰለፍ፣ ጡንቻው ሊበጠስ ነው አለኝ። ለአሰልጣኟ እነግራታለሁ አልኩት። አልነገርኳትም። ያለ ለሜሳ አንገቱ ላይ ነጥብ የምናገኝ አልመሰለኝም። ከሰዓት በኋላ ልጁ ራሱ መጥቶ ወጌሻው ምን አለ ብሎ ጠየቀኝ። «ምንም የለህም ብሏል» አልኩት።

ልጄ፣ ይህን ቃል ከዚህ በፊት ለአንድ ሰው ነግሬዋለሁ።

እሑድ ማለዳ ተነስተን የሳነቴን ከፍታ ስናቋርጥ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች እንኳ አይታዩም ነበር። ለሜሳ አጠገቤ ተቀምጦ ጭኑን በመዳፉ ያሻል። እንዳልሰማ ሆኜ ወደ ውጭ አየሁ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ወጌሻው ምንም የለህም ካለ፣ የሚሰማኝ ፍርሃት ነው ማለት ነው አይደል?» አለኝ።

አንተም እንዲሁ ብለህ ይሆን? ያን ሰሞን፣ ጉልበትህ አብጦ፣ ምንም የለህም የተባልክ ጊዜ፣ ብቻህን ሆነህ ራስህን ፈሪ ነኝ ወይ ብለህ ጠይቀህ ይሆን? እኔ አባትህ ይህን ጥያቄ በአራት ዓመት አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። ከሌላ ሰው ልጅ አፍ ስሰማው ብቻ ነው ወገቤ የተቆረጠው።

ተነስቼ መቀመጫ ለመቀመጫ እየተደገፍኩ ወደ ፊት ሄድኩና ከሾፌሩ ኋላ ለተቀመጠችው ለዙሀይራ ነገርኳት። መቼ አወቁ አለችኝ። ዓርብ ጠዋት አልኳት። ዛሬ እሑድ ነው ጋሽ አምባዬ አለች። ለሜሳን ጠርታ ጭኑን ዳሰሰችው፣ ከዚያ በኦሮምኛ፣ ሕመሙ የእውነት እንደሆነ፣ ፈሪም እንዳልሆነ፣ ዛሬም እንደማይሰለፍ ነገረችው። ልጁ አለቀሰ። ከእፎይታ የመጣ ለቅሶ እንደሆነ ያስታውቃል። እሷም ወደ እኔ ዞራ «አልሐምዱሊላህ፣ ሳንደርስ ተናገሩ። ከጨዋታው በኋላ ግን ክቡ ውስጥ ይቆማሉ» አለችኝ።

አንገቱ ያው አንገቱ ነው፤ ጫካው ወበቁን አፍኖ ይዞ ጠበቀን። ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ አገቡብን። ከእረፍት በኋላ ደጋፊዎቻቸው ተረጋግተው ቁጭ አሉ፤ ያውቁናላ። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም ሰዓቱን እያሳየኝ በጣቱ ስድሳ፣ ስድሳ ይለኛል። ስድሳኛው ደቂቃ መጣ፣ የኛ ልጆች እየሮጡ ነው። ሰባኛው መጣ፣ እየሮጡ ነው። ሰባ አምስተኛው ላይ ወገቡን ይዞ የቆመ ሰው አየሁ፤ የነሱ ተከላካይ ነበር። ዙሀይራ ከመስመሩ ዳር «ጀባዱ!»፣ በርታ ማለቷ ነው፣ ብላ አንድ ጊዜ ጮኸች፣ ያን ቀን የጮኸችው ያችን ብቻ ነው። ሰማንያ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ዳቢሴ፣ ሠላሳ አራት ዓመቱ የሆነው፣ ማስተማርና ልጅ ማሳደግ ያደከመው ዳቢሴ፣ ከራሳችን የግብ ክልል ተነስቶ ኳሱን ተከትሎ ሜዳውን ሙሉ ሮጠና ከለሜሳ ተቀያሪ የተሻገረውን በግንባሩ አገባ። እኔ ከመቼ ጀምሮ እንዳለቀስኩ አላውቅም። አንድ ለአንድ አለቀ። ሽማግሌው ሰዓቱን ኪሱ ከትቶ መጣና እጄን ጨበጠኝ፤ ምን አበላችኋቸው አለኝ። ድንጋይ ብዬው ሄድኩ።

ልጆቹ ጨፍረው እስኪበቃቸው ጠበቀች። ከዚያ ክቡ ተሠራ። ወጌሻ ኃይለየሱስም ሳጥኑን ይዞ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ተነሳሁ። የስድሳ አንድ ዓመት ሰው ነኝ።

እኔ አልኩ። በመጀመሪያ የለሜሳን ነገር ተናገርኩ። እዚያ ላይ መቀመጥ እችል ነበር፣ ማንም ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ግን አልተቀመጥኩም። እኔ ከአራት ዓመት በፊት ልጄን ገደልኩ አልኩ፤ ቃሉ እንዲሁ ወጣ። በወደቀበት ጨዋታ ዋዜማ ኃይለየሱስ የልጄን ጉልበት አይቶ፣ ይህን ልጅ ካሰለፍከው ኳስ ጨዋታ ያበቃለታል ብሎ በግልጽ ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን ለልጄ ወጌሻው ምንም የለህም ብሏል አልኩት። ሜዳ ላይ ሲወድቅ ደግሞ ሰው ሁሉ እየሰማ ተነስ፣ አታስመስል አልኩት።

ልጄ፣ ዋሽቼሃለሁ። አታስመስል ማለቴን ታውቃለህ፤ ያቺን ይዘህ ነው ከቤት የወጣኸው። የመጀመሪያውን ግን አታውቅም። ያኔ አልጋ ላይ ሆነህ ወጌሻው ነው ያበላሸኝ ስትል አጠገብህ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ከተማው ሰምቶ እጁ የተሰበረ ሁሉ የኃይለየሱስን በር አልፎ ሌላ ቦታ ሲሄድ ዝም አልኩ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኝ ነበር። ሰላም ብዬው አልፍ ነበር።

ክቡ ውስጥ ዳቢሴ ኃይለየሱስን ለምን አራት ዓመት ሙሉ አልተናገርክም ብሎ ጠየቀው። ሰውየው መሬት መሬቱን እያየ «ልጁ በአባቱ ከሚቀየም በእኔ ቢቀየም ይሻላል ብዬ ነው» አለ። ከዚያ ተነስቶ ሳጥኑን ዘጋ፣ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። የቀረውን ሰዓት እጁ ትከሻዬ ላይ ነበር።

ዙሀይራ ትወቅሰኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር። «ጋሽ አምባዬ፣ ጥፋትዎን ተናግረዋል። ግን መስማት የነበረብን እኛ አይደለንም» ነው ያለችኝ።

ይህ ደብዳቤ እንዲህ ነው የተጻፈው። መጀመሪያ ሽማግሌ ልላክብህ አስቤ ነበር። ግን አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ሽማግሌ ሆኖ የሄደ ሰው አላየሁም፣ ማንን እንደምልክም ጠፋኝ። ልጅ ነው አባቱ እግር ላይ የሚወድቀው፣ ወጉ እንደዚያ ነው። ወጉን እኔ አፈረስኩት፤ ከእኔ በላይ አንተ ተጎድተሃል፣ ስለዚህ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ። አሁኑኑ አይደለም፣ በፈለግኸው ጊዜ። ባትለኝም እውነቱ እጅህ ላይ ይሁን።

ከኃይለየሱስ ጋር ሲያገናኝህ አንድ ቃል በለው። እኔ በበኩሌ ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ አብሬው ዞርኩ፣ የሚያውቀንን ሁሉ እያቆምኩ ነገርኩ። አንዳንዱ ሳቀብኝ፣ አንዳንዱ አዘነልኝ። ትናንት ደጁ ላይ ሦስት ሰው ተሰልፎ አየሁ፤ ደስ አለኝ።

አሰልጣኝ ዙሀይራ ስላንተ ጉልበት ብዙ ጠየቀችኝ፤ የማውቀው ጥቂት መሆኑ አሳፈረኝ። እንዲህ ያለ ጉልበት ለኳስ ባይመለስም ዙሪያውን ያለው ጡንቻ ከጠነከረ ሕመሙ እንደሚቀንስ ነግራኛለች። አራት ዓይነት እንቅስቃሴ ለዳቢሴ አሳይታዋለች፤ እሱ ያሳይሃል። በአፍህ እሺ ብለህ በኋላ እንዳትተወው፤ እሷ ድንጋይ ትልክብሃለች። እናትህም ጩኮ ልካለች። ከእንቅስቃሴው በኋላ እንጂ በፊት አትብላው።

ስድስት ኪሎ የቀነስኩበትን ልንገርህ ብዬ ነበር። ለእኔም ድንጋይ ሰጥታኛለች፣ ቁጥር የሌለው። እንደ ልጆቹ መሮጥ ስለማልችል በእግሬ እሄዳለሁ፤ እነሱ ወደ ጎባ፣ እኔ በሌላው በኩል ወደ መናኸሪያው። መጀመሪያ ከቤታችን ታች ካለው ወፍጮ ቤት አላለፍኩም ነበር፤ ሰሞኑን ድንጋዬ መናኸሪያው በር ደርሷል። ከዚያ ወዲያ ማሳለፍ እችላለሁ፣ ዙሀይራም ለምን እዚያ ቆመ እያለች ትጠይቀኛለች። የሻሸመኔው አውቶብስ የሚገባው ከምሳ በኋላ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ እቆማለሁ፣ ከዚያ እመለሳለሁ። ለልምምድ ነው።

እመቤቴ ከፊትህ ትቅደም፤ እጅህ የነካው መኪና ሁሉ ይነሳልህ፤ ጉልበትህን የሰጠህ አምላክ እሱ ራሱ ይጠግንልህ።

አባትህ